ጭረት የሌለባቸው ብርጭቆዎች

በደርግ ዘመን ጎባ ውስጥ ሻይ ቤት ገብቶ የጠጣ ሰው፣ የከማለዲንን ስም ባይሰማ እንኳ ሥራውን በከንፈሩ ያውቀዋል። ያኔ ብርጭቆ እንደ ስኳርና እንደ ሳሙና ከሱቅ ጠፍቶ ነበር። ከአዲስ አበባ ቢጫንም መንገድ ላይ ተንገላቶ ግማሹ ይሰበራል፤ የተረፈውን መሥሪያ ቤቶች ይከፋፈሉታል። ለሻይ ቤቱ፣ ለሙሽራው ቤት፣ ለለቅሶው ድንኳን ብርጭቆ የሚያወጣው፣ ከጠጎና ወንዝ በላይ ባለች ቤቱ ደጃፍ ባዶ ጠርሙስ ከቦት የሚውለው ከማለዲን ነበር።

ሥራውን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረውም። በወጣትነቱ አንድ የየመን ሰው ሱቅ ውስጥ ያገለግል ነበር። ነጋዴው የጠርሙስ አንገት እየቆረጠ ላምባ መቅጃ ያደርገዋል፤ ታችኛውን ግማሽ ደግሞ ከሱቁ ጀርባ ይወረውረዋል። ከማለዲን የተወረወረውን አነሣ። በአንዱ ውሃ ቀድቶ ጠጣበትና ከንፈሩ ተሰነጠቀ። ደሙን በእጅጌው ጠርጎ ያን ጠርሙስ ድንጋይ ላይ መፈግፈግ ጀመረ። ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ያንኑ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጠርሙሱ ወገብ ላይ ላምባ የጠጣ የጥጥ ክር ያስርና ይለኩሰዋል። እሳቱ ዙሪያውን እስኪያዳርስ በእጁ ያሽከረክረዋል። ከዚያ ከሰነቴ ተራራ በሚወርደው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲነክረው ጠርሙሱ ጠቅ ብሎ ለሁለት ይለያያል። እስከዚህ ያለውን ማንም ሊያደርገው ይችላል ይል ነበር። ሥራው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። አፉን በጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ላይ በእርጥብ የወንዝ አሸዋ ያሸዋል፤ ቀጥሎ በአመድ፤ በመጨረሻ በቆዳ። ከዚያ ብዙ ሰው የሚረሳው ይመጣል። ውስጠኛውን ጠርዝ ጣት በምታክል ክብ ድንጋይ ቀስ እያለ ያወርደዋል። ከንፈር የሚያርፈው ከላይ ብቻ አይደለምና።

ብርጭቆ ሊያዝ የመጣን ሰው በመጀመሪያ እጁን ያየዋል። እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ታቹ ሰፊ የሆነ ጠርሙስ መርጦ አሳጥሮ ይቆርጣል። ከሲናና እርሻ ስንዴ አጭደው ለሚመጡ፣ መዳፋቸው እንደ ቅርፊት ለደረቀ ሰዎች ወፍራሙን ይሰጣል። ለጠዋት ሻይ ቀጭን ጠርሙስ አይነካም፤ የጎባ ብርድ ሻዩን ከአፍ ነጥቆ ይጠጣዋል ይል ነበር። ለመታየት የሚሠራ ብርጭቆ አይወድም። «ሰው ሲጠጣ አያይም» አላት አንድ ቀን ሚስቱን ሞሚናን፣ ለምን እንዲህ እንደሚደክም ስትጠይቀው። «ብርጭቆውን ሲያነሣ ዓይኑን ይጋርደዋል። በዚያች ቅጽበት የሚያምነው ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው እኔ ነኝ።»

ከዚህ እምነቱ የመጣች አንዲት ልማድ ነበረችው። ጠርሙሱ ቀድሞ ቢራ፣ አረቄ ወይም ኮኛክ የያዘ ከሆነ፣ ከብርጭቆው ታች በሞረድ ጫፍ አንዲት አጭር ጭረት ያደርግበታል። የማር፣ የዘይት ወይም የማዕድን ውሃ ከነበረ ምንም አያደርግበትም። ጭረት ያለበት ወደ መጠጥ ቤቱና ወደ ክርስቲያኑ ቤት፣ የሌለበት ወደ እስላሙ ቤት ይሄዳል። ጠርሙሱ ከታጠበ ንጹሕ ነው የሚሉ ነበሩ። የሰፈሩ ሽማግሌ ሼህ አብዶ ግን በሌላው እንደማይፈርዱ፣ ራሳቸው ግን እንደማይጠጡበት ተናግረው ነበር። ከዚያ ወዲህ የጎባ እስላም በሰው ቤት፣ በሠርግም ይሁን በለቅሶ፣ ብርጭቆ ሲሰጠው ሳይቀዳለት ገልበጥ አድርጎ ታቹን ያያል። ጭረት ከሌለው ቢስሚላህ ብሎ ይቀበላል። የከማለዲንን ቃል የሚጠራጠር አልነበረም።

ወይዘሮ አሰፋሽ ግን ትቀልድበት ነበር። አረቄ ቤቷ ከገበያው ዳር ነው፤ ባዶ ጠርሙሷን የምትሰጠው ለእሱ፣ ብርጭቆ የምትወስደውም ከእሱ ነው።

«የኔን ብርጭቆ ብቻ እንደ በግ ጆሮ ትበሳዋለህ» ትለዋለች። «ቢጠፋብኝ ከየት መንጋ እንደሆነ ይታወቅ ብለህ ነው?»

«ሼኮቹ ተሳስተው አንቺ ቤት እንዳይገቡ ነው።»

«እነሱ ቢገቡ እኔ ምን እሆናለሁ? ወንበሩን አጥቤ እጠብቃቸዋለሁ።»

የእሷ ልጅ ኃይለመስቀልና የከማለዲን ልጅ ወዚር አብሮ አደጎች ነበሩ፤ አንድ ክፍል ይማራሉ፣ አንድ ኳስ ይራገጣሉ። ወዚር ከማለዲንና ሞሚና ብዙ ልጅ ቀብረው ያተረፉት አንድ ልጃቸው ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ ያሻል፤ እጁ ፈጣን ነው፣ ልቡ ግን ሜዳው ላይ ነው። የውጩን ጠርዝ አሳምሮ ለአባቱ ያቀብላል። ከማለዲን አውራ ጣቱን አፉ ዙሪያ ያዞርና ይመልስለታል።

«ውስጡስ?»

ወዚር ይስቃል። ብርጭቆውን ይቀበላል። በሚቀጥለውም ይረሳዋል።

ብሔራዊ ውትድርና ሲታወጅ ሳቁ ከቤቱ ወጣ። የመጀመሪያው ዙር ሲሄድ ወዚር ዕድሜው አልደረሰም ተብሎ ቀረ። ለሁለተኛው ግን ማንም ዕድሜ የሚጠይቅ አልነበረም። ከሮቤ ገበያ ላይ ልጆች እየታፈሱ በጭነት መኪና ሲጫኑ ያዩ ሰዎች ወሬውን ይዘው መጡ። ሞሚና የልጇን ልብስ በጨርቅ ቋጠረች። ደሎ መና እኅት አላት፤ በቆላው፣ በቡናው መሐል ልጅ መደበቅ ይቻላል። አውቶቡሱ በሚነሣበት ጠዋት ልታሳፍረው ቆርጣ ነበር።

ከዚያ በፊት የቀበሌው ሊቀመንበር ተክለማርያም መጣ።

ተክለማርያም ከአብዮቱ በፊት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። ክፉ ሰው ነው የሚለው ብዙ አልነበረም፤ ፈሪ ሰው ነው ይሉታል፤ ከክፉው የሚለየው ግን ትንሽ ነው። መስከረም ላይ የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት ይከበራል፤ ከላይ ትልቅ እንግዳ ይመጣል፤ ለአዳራሹ የሚበቃ ብርጭቆ ጎባም ሮቤም የለም። ሁሉም አንድ ዓይነት እንዲሆኑ ይፈልጋል። ያን ያህል አንድ ዓይነት ጠርሙስ ያለው ደግሞ አሰፋሽ ጓሮ ብቻ ነው፤ ያውም የቢራ።

«እንደ ፋብሪካ ይሁኑ» አለው። «ጭረቷንም ተዋት። እንግዳው ገልብጦ ይህ ምንድነው ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? በሃይማኖት ከፋፍለን እናጠጣለን ልበል?»

ከማለዲን እጁን በጨርቅ እየጠረገ ማን እንደሚጠጣባቸው ጠየቀ።

«እኛው ነና። የእናንተ ሽማግሌዎች በዓሉን መርቀው ሻያቸውን በሲኒ ይጠጣሉ፤ ለብቻ ነው።»

ከማለዲን ጨርቁን አስቀመጠ። ያኔ ተክለማርያም ከደጃፉ ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ አየ፤ የተቋጠረውን ልብስ አየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ወዚር የትም መሄድ እንደሌለበት፣ ከተገኘ መንገድ ላይ እንደሚያዝና ያኔ እሱም ምንም ማድረግ እንደማይችል ነገረው። እዚሁ ከሆነ ግን ለበዓሉ ሥራ ያስፈልጋል ብሎ ያስቀረዋል። ከበዓሉ በኋላም ያስቀረዋል። ይህን የማድረግ ሥልጣን አለው።

ሞሚና አላመነችም። ከሰውየው ቃል ይልቅ የደሎ መና ጫካ ይሻለኛል አለች። ከማለዲን ግን ቋጠሮውን ፈታው። ሰው ቃሉን ይጠብቃል ብሎ የሚያስብ ሰው ነው፤ እሱ ራሱ በቃሉ ያደረ ነውና።

እነዚያን ብርጭቆዎች አባትና ልጅ አብረው ሠሯቸው። ከማለዲን አንዱንም ሳያጓድል አሸ፤ የውስጡን ጠርዝ አወረደ፤ ሻይ ቢቀዳባቸው እንዳይሰነጠቁ በገብስ ገለባ ሸፍኖ በትልቅ ድስት ቀቀላቸው፤ ከነውሃው እስኪቀዘቅዙ ጠበቀ። መጨረሻ ላይ እጁ እንደ ልማዱ ወደ ሞረዱ ሄደች። መለሳት። ወዚር አየው፤ አልጠየቀውም። ሥራው ባለቀ ጊዜ ብርጭቆዎቹ ሳንቃ ላይ ተደርድረው ሲታዩ ከዚያ በፊት ከሠራው ሁሉ ያምሩ ነበር። ከማለዲን ግን ፊቱን ወደ እነሱ አድርጎ አልተቀመጠም።

በበዓሉ ቀን አዳራሹ በቀይ ጨርቅ ተሸፍኗል። ከማለዲን ብርጭቆዎቹን ተሸክሞ አምጥቶ፣ ቢሰበር እንዲተካ ታዞ በሩ አጠገብ ቆመ። ንግግሩ ረጅም ነበር። እንግዳው ተናገረ፤ ሌላው ተናገረ፤ ተክለማርያም ላቡን እየጠረገ ተናገረ። ሽማግሌዎቹ ከፊት ለፊት በረድፍ ተቀምጠዋል፤ ነጭ ጥምጣማቸው በቀዩ አዳራሽ መሐል ይታያል። መርቀው ተቀመጡ።

ሲኒው አልመጣም። አልበቃ ብሎ ይሁን ተረስቶ፣ ወይም እንግዳው ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ይጠጣ ብሎ፣ ማንም በኋላ በትክክል ሊናገር አልቻለም። የሴቶች ማኅበር አባላት ከከማለዲን ብርጭቆዎች በእያንዳንዱ ሽማግሌ ፊት አንድ አንድ አስቀመጡ። ለባለሥልጣኖቹ ቢራ፣ ለሽማግሌዎቹ ለስላሳ ይቀዳ ጀመር።

ሼህ አብዶ ዓይናቸው ደክሟል። ሳይቀዳላቸው ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ገለበጡት። ማየት ስለማይችሉ ታቹን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ዙሪያውን ዳሰሱት። ጭረት የለም። አንድ ጊዜ ደግመው ዳሰሱት። አጠገባቸው የተቀመጡትም እያዩዋቸው ጠበቁ። ከዚያ ሼህ አብዶ ፈገግ ብለው ብርጭቆውን ለቀጂዋ አቀረቡላት።

ከማለዲን በሩ አጠገብ ሆኖ ያን ጥፍር አየ። ሳያውቁ የጠጡት ኃጢአት እንደማይሆንባቸው ያውቃል፤ ይህንንም ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ዝም ቢል ኃጢአቱ የእሱ የብቻው ነው፤ ለልጁ ሲል ሊሸከመው ይችላል። ተክለማርያም ከመድረኩ ላይ ወደ እሱ እያየ ነበር፤ ዓይኑ ይለምናል፤ ያስፈራራልም። ቤት ውስጥ ወዚር ይህን ጊዜ ምሳውን ይበላ ይሆናል። ዝም ማለት እንዲህ ቀላል ነበር። ነገር ግን የሽማግሌው ጥፍር የፈለገችው የእሱን ቃል ነበር፤ ጭረቷን ፈልጋ ያጣችው ደግሞ እሱ ደብቆባት ነው። አሁን ብርጭቆውን ሲያነሡ ዓይናቸውን ይጋርዳቸዋል፤ የሚያምኑትም እሱን ነው።

እግሩ ቀደመው። በረድፎቹ መሐል አልፎ ሼህ አብዶ አጠገብ በርከክ አለና በኦሮምኛ፣ ለሌላ በማይሰማ ድምፅ ነገራቸው።

«አባ፣ ይቺ የእናንተ አይደለችም።»

ሽማግሌው አልደነገጡም፤ አልተቆጡም። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ መልሰው አስቀመጡት። ጎናቸው ያሉት አስቀመጡ። ቀጥለው ያሉትም አስቀመጡ። ልክ በዚያች ደቂቃ እንግዳው ተነሥቶ ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ ስለ አብዮቱ እንጠጣ አለ። አዳራሹ ሁሉ ተነሥቶ ብርጭቆ አነሣ። ከፊት ያሉት የነጭ ጥምጣም ረድፎች ባዶ እጃቸውን ቆሙ፤ የተቀዳላቸው ለስላሳ ጠረጴዛው ላይ አረፋው እየጠፋ ነበር።

እንግዳው ረድፎቹን አየ። ጠጥቶ ተቀመጠ። ተክለማርያም ግን ፊቱ አመድ መሰለ።

ከማለዲንን የያዙት ከአዳራሹ ሳይወጣ ነው። ያሰሩበት ክፍል ውስጥ ከየሻይ ቤቱ የተሰበሰቡ ብርጭቆዎች ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ጭረቱን እያሳዩ ጠየቁት። ይህ ምልክት የማን ነው? የትኛው ድርጅት ሰጠህ? ሽማግሌዎቹን በምን አሳደምካቸው? ጭረቱ ምን ማለት ነው?

«ቢራ ማለት ነው» አለ።

ከጠያቂዎቹ አንዱ ሳቀ። ቀጥለው እግሩን ገረፉት፤ እንደገና ጠየቁት፤ መልሱ ያው ነበር። ሌላ መልስ ቢኖረው በሰጣቸው፤ አልነበረውም። ሼህ አብዶ ተጠርተው የሆነውን እንደሆነ ተናገሩ፤ እሳቸውን ለቀቁ። ከማለዲንን ግን ረሱት ማለት ይቀላል፤ ፍርድም ነጻነትም ሳይሰጡት ዓመታት አሳለፈ።

ሞሚና ስንቅ ታመላልሳለች፤ እንዲያያት አይፈቀድም። አንድ ቀን አንድ ዘበኛ አዝኖላት በሽቦው አጥር በኩል አገናኛቸው። ፊቷን አይቶ ከመናገሯ በፊት አወቀ። ወዚርን ወስደውታል። ከቤት ነው የያዙት፤ አልሮጠም፤ የሚሮጥበት መንገድ ያን ጊዜ ተዘግቶ ነበር። ኃይለመስቀልም በዚያው መኪና ሄዷል። አሰፋሽ እየጮኸች መኪናውን እስከ ሮቤ መውጫ ተከትላዋለች።

ከማለዲን ሽቦውን ያዘ። ሞሚና አላለቀሰችም። ብዙ ቀን ስታስበው የቆየችውን በዝግታ ተናገረች።

«ለሼህ አብዶ ከንፈር ልጄን ሰጠህ።»

እሱ ሽቦውን ለቀቀ። ከዚያም በኋላ በሕይወቱ ሙሉ ለዚያ ቃል መልስ አልሰጣትም።

ሲፈታ ሼህ አብዶ ሞተው ነበር። እሱ በታሰረ ጊዜ በየጁምዓው ከመስጊድ ሲመለሱ ሞሚና ደጃፍ ፀሐይ ላይ ይቀመጡ እንደነበር ጎረቤት ነገረው። አይናገሩም፤ እሷም ግቡ አትላቸውም፤ ሂዱም አትላቸውም። ተቀምጠው ይነሣሉ።

ከማለዲን ወደ ድንጋዩ ተመለሰ፤ የሚያውቀው ሌላ ሥራ የለም። እግሩ ስለማይታጠፍለት ሳጥን ላይ ተቀምጦ ያሻል። ጭረቱን ከልክለውታል፤ ስለዚህ የቢራ ጠርሙስ መቁረጥ ተወ። ሥራው አነሰ። ሰዎች ግን ብርጭቆ ሲሰጣቸው አሁንም ይገለብጣሉ፤ ልማድ ሆኖባቸው። ሞሚና ብርጭቆዎቹን ሁሉ ለጎረቤት ሰጥታ ነበር። ቤቷ ውስጥ ውሃ የምትጠጣው በዘይት ጣሳ ነው። ጠርዙን እንዲያወርድላት አንድ ጊዜ እጁን ዘረጋ፤ አልሰጠችውም። እንደሻከረ ትጠጣበታለች፤ አንዳንዴ ከንፈሯ ላይ ቀይ መስመር ያያል።

ከወዚር ደብዳቤ አልመጣም። ሰሜን ማለት ለእነሱ የሬዲዮ ድምፅ ነበር፤ የማያውቁት ተራራ ስም እየተጠራ፣ ጠላት ተደመሰሰ እየተባለ። ሞሚና ሬዲዮው ባለበት ቤት በኩል ማለፍ ተወች።

በሰማንያ ሦስት ግንቦት ደርግ ወደቀ። ሠራዊቱ ተበትኖ በየመንገዱ እየለመነ ወደ ቤቱ ይገባ ጀመር። ክረምቱ ሲገባ ኃይለመስቀል መጣ። አሰፋሽ ልጇን አላወቀችውም ነበር፤ እንጀራ ልትሰጠው ወደ ጓዳ ስትገባ ነው በስሟ የጠራት ይባላል። በማግስቱ ከእናቱ ጋር ወደ ከማለዲን ቤት ወረደ። አሰፋሽ ደጃፉ ላይ ቀረች፤ ልጄ ተርፎ መግባት አልቻልኩም ብላ።

ኃይለመስቀል የሚለው አልጠፋውም፤ መንገዱን ሁሉ ሲዘጋጅበት የመጣ ይመስላል። ወዚር ከአንድ ኮረብታ ላይ ሳይወርድ ቀርቷል። ሲመሽ ሊያነሡት ሞክረው አልቻሉም። ይህን ተናግሮ ጨረሰ። ሞሚና ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች፤ ከዚያ በላይ አልተነቃነቀችም።

ከዚያ ኃይለመስቀል ከደረቱ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። የምግብ ጣሳ ነው፤ አፉ ተቆርጦ መጠጫ የተደረገ። ምሽግ ውስጥ ሁሉም የሚጠጣው በዚህ ነበር፤ የሁሉም ከንፈር ይቆስል ነበር። ወዚር ጣሳዎቹን እየተቀበለ ድንጋይ ላይ ያሽላቸዋል። መጀመሪያ ሳቁበት። «ጥይት ሊጨርሰን ነው፤ አንተ ለከንፈር ትጨነቃለህ?» አሉት። እሱም ሳቀ፤ ግን አልተወም። በኋላ ከሌላ ጋንታ ሳይቀር ያመጡለት ነበር። ይህ የመጨረሻው ነው፤ የራሱ።

ከማለዲን ጣሳውን ተቀበለ። ዝገት ነክሶታል፤ አፉ ግን ያበራል። አውራ ጣቱን ጠርዙ ላይ አሳርፎ ቀስ ብሎ አዞረው። ፊቱን ማየት አይቻልም ነበር፤ ወደ ጣሳው አቀርቅሯል።

ያኔ ሞሚና ተናገረች። ስለ ብርጭቆ ጉዳይ በዚያ ቤት ከተናገረች ብዙ ዓመት ሆኗት ነበር።

«ውስጡስ?»

ከማለዲን ቀና አለ። ጣሳውን ዘረጋላት። ተቀበለችው። ጠቋሚ ጣቷን ወደ ውስጥ አስገብታ ጠርዙን ዳሰሰች፤ ጣቷ ዞሮ ከተነሣበት ደረሰ፤ የትም አልያዛትም። እንደገና አዞረችው፤ እንደገናም። ኃይለመስቀል ተነሥቶ ሲወጣም ገና እያዞረች ነበር።